በጠርዙ የቆመ ሳንቃ

ይህን ታሪክ ለባለቤቴ የነገርኳት ከተጋባን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሰምታ ስትጨርስ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?» አለችኝ። ደህና አድርጎ ይወስደኝ ነበር። ከማፍርባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን መተማ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። እኔ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ወገራ ተወልጄ፣ ድቁና ተቀብዬ፣ ቅኔ ጀምሬ ያልጨረስኩ፤ እጄ ግን ለሥዕል የማይሰንፍ። አገር ሲታመስ ቆላ ወርጄ በመተማው ጦር ሰፈር አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ዘንድ ተቀጠርኩ። ብዕር ያነሳሁት ለጠላት ማደሬን ለመከላከል አይደለም። የራበው ብዙ ሰው አድሯል፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። የምጽፈው ከዚያ ስለሚብሰው ነው።

ሐኪሙን ሰው ሁሉ «ዶቶሬ» ይለዋል። ረጅም፣ አንገቱ የከሳ፣ ከሰው ይልቅ ከኩሬ ጋር የሚስማማ ሰው ነበር። ጠዋት ወታደር ያክማል፤ ከሰዓት በኋላ ከየኩሬው የተቀዳ ውሃ በጠርሙስ ደርድሮ በማይክሮስኮፕ ያያል። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ ውሃው የሚታይበትን ስስ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ እሱ ካየ በኋላ እኔም አይቼ ያየሁትን እስላለሁ። የሰፈሩ ሰው ማይክሮስኮፑን «መነጽሩ» ስለሚለው እኔን «ባለመነጽሩ ዲያቆን» ይለኝ ጀመር። ስሙን ጠልቼው ነበር ብል ውሸት ነው። በገበያ ሳልፍ ሰዎች በክርን ሲነካኩ እያየሁ ደረቴ ይነፋ ነበር።

በመተማ ሐሩር ዝናቡ ባባራ በሁለት ሳምንቱ ኩሬው ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል። በእጅ ሲያፍሱት እንደ እርጥብ ጸጉር የሚንጠለጠለው ያ ዝልግልግ ነገር ዛሬ ለተማሪዎቼ «ዋቅላሚ» እያልኩ የማስተምረው ነው። ለዓይን ሁሉም አንድ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን እያንዳንዱ ክር ክፍል በክፍል የተቀጣጠለ ነው፤ በየክፍሉ ያለው አረንጓዴ ነገር ደግሞ እንደ ክሩ ዓይነት የየራሱ ቅርጽ አለው። ዛሬ ክሎሮፕላስት እንለዋለን። ዶቶሬ ለእያንዳንዱ ዓይነት የላቲን ስም ነበረው፤ እኔ ስሙ አልያዝ ስላለኝ በቤት ዕቃ ስም አወጣሁላቸው። አንዱ ክር ውስጥ አረንጓዴው ወገብ ላይ እንደታሰረ ጨርቅ እየተጠማዘዘ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ እሱን መቀነት አልኩት። በሌላው ክር በየክፍሉ ሁለት ሁለት ኮከብ ተቀምጧል። ግድግዳውን ታክኮ እንደ አምባር የሚከብ አለ፤ እንደ መረብ የተበሳሳ አለ። ብቻውን የሚዋኝ አንድ ደቃቅ ነገርም አለ፤ ውስጡ ያለው አረንጓዴ ቁርጥ ፍንጃል ነው። የመጨረሻው በክፍሉ መሀል ለመሀል የተዘረጋ ጠፍጣፋ ነው፤ ሳንቃ አልኩት።

ዶቶሬ ስሞቼን ወደዳቸው። ገና ጠርሙስ ይዤ ስገባ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ዛሬ ሳንቃ አለ?» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ብርጭቆው ላይ መቀነቱን እያሳየኝ ከአንድ ጠርሙስ መርዝ በጠብታ ጨመረበት። መቀነቱ ከግድግዳው ተላቆ ሲኮማተርና ጭብጥ ሲያህል በዓይኔ አየሁ። «ውሃ ሲመረዝ መጀመሪያ የሚናገረው ይህ ነው» አለኝ። ስለ ሳንቃው ያላስተማረኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ሳይነግረኝ ንዳድ ጣለው።

ዶቶሬ በታመመ በሁለተኛው ቀን፣ ማለዳ፣ ሁለት የጦር ሰፈሩ በቅሎዎች ኩሬው ዳር ሞተው ተገኙ። ከዚያ ኩሬ ወታደሩም ይጠጣል። የጦሩ አዛዥ ካፒታኖ ወዲያው ሰው አስያዘ። የተያዙት እትዬ የሺ ነበሩ።

እትዬ የሺ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከኩሬው እየቀዱ ለአጫጆች ውሃ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ውሃቸው ከሁሉም የጠራ ስለሆነ አጫጁ ሁሉ ከሳቸው ይጠጣል። ምስጢሩም ምስጢር አልነበረም። ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ሴቶች የተማሩትን የዛፍ ፍሬ ወቅጠው እንስራው ውስጥ ያማስላሉ፤ ደፍራሹ ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ይጠራል። ሱዳኖቹ «ረዋግ» ይሉታል። ዝቃጩን ኩሬው ዳር ሲደፉ ዘበኛ አይቷቸው ኖሯል።

ካፒታኖው በአስተርጓሚ «ምንድን ነው የጨመርሽበት?» ብሎ አስጠየቃቸው።

«መድኃኒት ነው ጌታዬ፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉ እትዬ የሺ።

የኛ አማርኛ ጉደኛ ነው፤ የሚያድነውንም የሚገድለውንም መድኃኒት ይላል። አስተርጓሚው ለካፒታኖው የነገረው የሚገድለውን ነው። ሥራዬ ብሎ ይሁን ፈርቶ አላውቅም። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ጣሊያንኛዬም ስህተቱን ለማወቅ ይበቃ ነበር። የሰው ሥራ ውስጥ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ካፒታኖው ግን ጠንቃቃ ነበር፤ ሐኪሙ ይመስክር አለ። ዶቶሬ አልጋው ላይ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር። «አንተ እይ» አለኝ። «ተኮማትሮ እንደሆነ እይና ንገራቸው። ታውቀዋለህ።» ከዚያ ዞሮ ተኛ። እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጠኝ መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም፤ ደስ አለኝ።

ከኩሬው የተቀዳው ጠርሙስ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል። ሰዉ ሁሉ እንዲያየኝ ማይክሮስኮፑን ወደ ደጅ አወጣሁት። ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መስተዋቱን ቀጥ አድርጌ ወደ እሷ አዞርኩና አንድ ክር ብርጭቆው ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

ክሩ የሳንቃው ዓይነት ነበር፤ በግድግዳውና በክፍሎቹ ርዝመት ለየሁት። ሳንቃው ግን የለም። ሰፊው አረንጓዴ ፊት ጠፍቶ በየክፍሉ መሀል አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። ሌላ ክር አየሁ፤ እሱም መስመር ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው።

«እህ?» አለ ካፒታኖው።

«ተኮማትሯል» አልኩ። «ሞቷል።»

«ተመርዟል ማለት ነው?»

እትዬ የሺ እጃቸው ታስሮ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ያዩኛል። ዙሪያውን አንድ ሃምሳ ሰው ቆሟል። «ቆይ ዶቶሬን ልጠይቅ» ማለት ይቻል ነበር። ባለመነጽሩ ዲያቆን ግን እንዴት ብሎ አላውቅም ይበል?

«አዎ፤ ተመርዟል» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሎሪ ወደ ጎንደር ይወሰዱና እዚያ ይፈረድባቸዋል ተባለ። ውሃ መርዘሃል ተብሎ ጎንደር የተወሰደ ሰው የሚጠብቀው ገመድ እንደሆነ መተማ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ያደረግኩት ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ማይክሮስኮፑን ወደ ጎጆ አስገባሁ። የሞተውን ሳንቃ ስዬ ዶቶሬ ሲነቃ ላሳየውና ሊያመሰግነኝ ነው። ጎጆው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በአንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። ቀለሜን በጠበጥኩ፣ ወረቀቴን አስተካከልኩ፣ ብሩሼን አጠብኩ፤ ይኼ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ሳንቃው ተመልሷል። ከዳር እስከ ዳር ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ሙሉ።

መጀመሪያ ብርጭቆው ተቀይሮብኝ ነው አልኩ። ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ ምልክት ነበረው፤ ያው ራሱ ነው። ወደ ደጅ አወጣሁትና መስተዋቱን ወደ ፀሐይ መልሼ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እያየሁት፣ ቀስ እያለ፣ ሳንቃው በጎኑ ዞረ፤ መስመር ሆነ። መልሼ ወደ ጥላ አስገባሁት፤ ቆይቶ ፊቱን መለሰ። ያን ጊዜ ገባኝ። ፀሐይ ስትበረታበት ጠርዙን ይሰጣታል፤ ስትለዝብለት ፊቱን ያዞርላታል። ሳንቃ በጠርዙ ሲያዩት መስመር ነው፤ ይኼን ለማወቅ አናጢ መሆን እንኳ አያስፈልግም። የሞተ ነገር ደግሞ አይዞርም። ውሃው ደህና ነበር።

ተነስቼ ወደ ካፒታኖው ቢሮ ሄድኩ። ልናገር ነበር የሄድኩት፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ስደርስ ግን ደጁ በሰው ተሞልቷል። እትዬ የሺ መሀል ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ተፈቷል፤ በቅል ውሃ ይዘዋል።

«ከኩሬው ነው የተቀዳው፤ ሁላችሁም አይታችኋል» አሉ። «መርዝ ከሆነ ይኸው እኔን ይግደለኝ።»

ግጥም አድርገው ጠጡት። ቅሉን ገልብጠው አሳዩ። ካፒታኖው ሲጋራ ለኮሰ፤ አጭሶ ጨረሰ፤ ሁለተኛ ለኮሰ። እትዬ የሺ አልወደቁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ከሰዉ መሀል አንዱ «ወይ ጉድ!» ሲል ሰማሁ። ሌላው ሳቀ። በማን ላይ እንደሚስቅ ወዲያው አወቅኩ።

ካፒታኖው አየኝና «ና እስቲ አንተ ሊቅ» አለኝ። «መርዝ ነው አላልክም?»

ያን ጊዜ «ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ቃል ናት። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«ማርከሻ ወስዳ ይሆናል» አልኩ።

አስተርጓሚው ማርከሻ ምን እንደሆነ ለካፒታኖው ሲያስረዳ ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። በኛ አገር መርዝ የሚያውቅ ሰው መፍቻውንም ያውቃል ይባላል፤ ይህን ያልሰማ የለም። ስለዚህ ሁሉም አመነ። እትዬ የሺ ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። የተቆጡ አልመሰሉኝም፤ የሚያስቡ መሰሉኝ። መልሰው አሰሯቸው።

አንባቢዬ፣ ልብ በልልኝ። እሳቸውን ያለ አንቱታ የጠራሁት በዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ አንቱ ነበሩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሎሪው ተዘጋጀ። እኔ አንድ ጋሌጣ በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። ጋሌጣ የጣሊያን ወታደር የሚበላው ደረቅ ዳቦ ነው። በሱ ምን ላደርግ እንዳሰብኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እትዬ የሺ ከኋላ ተጭነው ነበር። አጠገባቸው አንድ ዘበኛ ያንቀላፋል።

«ዲያቆን» አሉኝ። «እንኳን መጣህልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በማርያም ይዤሃለሁ፣ አትዋሸኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«በመነጽሩ ያየኸው ነገር እውነት ሞቶ ነበር?»

ዝምታዬን እሺታ አደረጉት።

«ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ» አሉ። «እኔ መርዝ አላውቅም። ማርከሻም የለኝም። ግን አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ያየኸውን ነው የተናገርከው። እንግዲህ ፍሬው ነው ማለት ነው። እኔ ስጠጣው ስለኖርኩ ለምጄው ይሆናል፤ ምንም አላደረገኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅ ነበረችኝ። ብርቄ። ሦስት ዓመቷ ነበር። ክረምት ላይ ተቅማጥ ያዛት። ደፍራሽ አትጠጣብኝ ብዬ ውሃውን በፍሬው አጥርቼ፣ አጥርቼ አጠጣኋት። ትወደው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተችብኝ። እኔ ነኛ የገደልኳት?»

ሹፌሩ መኪናውን አስነሳ። ዘበኛው ነቃ። ሳንቃው ዞሮ ነው፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ፍሬው ንጹሕ ነው፣ እርስዎ ልጅዎን አልገደሉም፤ ይህን ሁሉ ልላቸው ነበር። ዘበኛው እያየኝ ነበር። ትናንት ሃምሳ ሰው ፊት የተናገርኩትን ዛሬ በአንድ ዘበኛ ፊት ማፍረስ አቃተኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ጋሌጣውን ተቀበሉኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ሎሪው ሄደ።

ዶቶሬ በአራተኛው ቀን ከአልጋው ተነሳ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማርከሻ ያልኩትን ሳይቀር። በቅሎዎቹን የገደላቸው ገንዲ እንደነበር፣ ቆላ የሚወርድ ከብት ሁሉ የሚፈራው የዝንብ በሽታ እንደሆነ፣ ከመታመሙ በፊት ደማቸውን አይቶ ያውቅ ኖሯል። ማንም አልጠየቀውም። ዕለቱን ወረቀት ጽፎ ወደ ጎንደር ላከ። ገመዱ በዚያ ወረቀት ቀረ፤ እስሩ ግን አልቀረም። እኔን አልተቆጣኝም። ማይክሮስኮፑን በጨርቅ ሸፈነና ብርጭቆዎቹን ራሱ ማጠብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ «ዛሬ ሳንቃ አለ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ጣሊያን ሲወጣ እስረኛው ሁሉ ተፈታ። እትዬ የሺ ኮኪት መንደር እንደገቡ ሰማሁና በመጀመሪያው በጋ ሄድኩ። ጎጇቸውን አሳዩኝ። ደጃፉ ላይ አንድ እንስራ ቆሟል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ጭቃ የመሰለ፣ ቀይ ነው። ከወንዝ እንደተቀዳ። ምንም አልተጨመረበትም።

አወቁኝ። ጠላትነት አላሳዩኝም፤ መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ከመቀመጤ ሁሉንም ዘረገፍኩ። አልገባቸው ይሆናል ብዬ ተነስቼ የጎጆውን በር ያዝኩ።

«ይመልከቱ እትዬ። ይኼ ሳንቃ ነው። ሲዘጋ ሰፊ ነው። እንዲህ ሲከፈትና በጠርዙ ሲያዩት ቀጭን ነው። እኔ ያየሁት ጠርዙን ነበር። አልሞተም ነበር። ውሃው ንጹሕ ነበር። ፍሬዎ ንጹሕ ነው። ብርቄን የገደላት በሽታው ነው።»

እትዬ የሺ በሩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ በሩንማ ማንም ያየዋል» አሉ። «ያን ግን ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ያኔ በመነጽር አይተህ ነው የተናገርከው። አሁን የምትነግረኝ በአፍህ ነው። ስላዘንክልኝ ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣኸው፤ እግዜር ያክብርልኝ።»

«እውነቴን ነው እትዬ። በማርያም!»

«ያን ቀን በሎሪው ላይ በማርያም ስጠይቅህ አላውቅም አልከኝ። ብታውቅ ኖሮ ከእንደኔ ያለች ምስኪን ትደብቅ ነበር?»

ማይክሮስኮፑን ዶቶሬ ይዞት ሄዷል። ከመተማ እስከ ጎንደር ሁለተኛ መነጽር የለም። ተነስቼ ልሄድ ስል «ሐሩሩ ይገድልሃል፣ ሳትጠጣ አትሄድም» ብለው ከእንስራው በቅል ቀድተው ሰጡኝ። ደፍራሹን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። አሸዋው ጥርሴ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪ ሆኛለሁ። ተማሪዎቼ ጨካኝ ፈታኝ ነው ይሉኛል፤ ፈጥኖ እጁን የሚያወጣ ተማሪ አልወድም፤ «እርግጠኛ ነህ?» እያልኩ አስለቅሻለሁ። የዋቅላሚውን ትምህርት ስደርስ ሳንቃውን በጠራራ ፀሐይ አሳያቸዋለሁ። በየዓመቱ አንዷ «መምህር፣ ይኼ ሞቷል» ትላለች። «ወደ ጥላ አስገቢውና ጠብቂ» እላታለሁ። ስትጠብቅ እኔ ወደ ደጅ እወጣለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰው ሲሳሳት አይታችሁ አትፍረዱ ልላችሁ አይደለም። በኔ ፍረዱ። ያን ቀን ማርከሻ ይዞ የቆመ ሰው ነበር፤ ሰውየው እኔ ነበርኩ፤ ለራሴ ክብር ስል ሳልሰጣቸው ቀረሁ። በኋላ ስሰጣቸው አልሠራም።

ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት የተመደብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዕቃው ከሳጥኑ እንደወጣ ለሦስት ቀን ተውሼው፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በጭነት መኪና ኮኪት ወረድኩ። ከወንዙ አንድ ጠርሙስ አረንጓዴ ቀድቼ ወደ ጎጆው ሄድኩ። በሩ ተዘግቶ ነበር። ጎረቤቶቹ እትዬ የሺ ካረፉ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገሩኝ፤ እስከ መጨረሻው ደፍራሽ ውሃ እንደጠጡም ነገሩኝ።